ተማሪ ፍለጋ ወይስ ደንበኛ አደን?

ኮሌጅ ለመግባት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው መምህር አይደለም። የሚያገኘው «የመግቢያ አማካሪ» የሚባለውን ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው በስልክ ወይም በጠረጴዛ ዙሪያ የሚናገረው ቃል የአንድን ቤተሰብ የሃያ ዓመት ኑሮ ሊያቀና ወይም ሊያበላሽ ይችላል። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮሌጆችን የትምህርት ጥራት መመዘን ሳይሆን ያንን ቃል መመርመር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በላስ ቬጋስ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ቦልደር ሃይዌይን ተከትላ በተዘረጋችው ዊትኒ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የምንተዳደረው በካዚኖ፣ በሆቴልና በታክሲ ሥራ ነው። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ ሰው በቀን ክፍል ገብቶ መማር ይቸግረዋል። ይህን ችግር ከማንም በፊት የተረዱት ለትርፍ የተቋቋሙ ኮሌጆች ናቸው። ከዊትኒ ቀጥላ ባለችው ሄንደርሰን አይ.ቲ.ቲ. ቴክ እና የኮሪንቲያን ኩባንያ ንብረት የነበረው ኤቨረስት ኮሌጅ ቅርንጫፍ ነበራቸው። የማታ ትምህርት፣ ፈጣን ምዝገባ፣ ፈገግታ የተሞላ አቀባበል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊመሰገንም ይገባው ነበር። ጥያቄው ከፈገግታው በስተጀርባ ምን ነበር የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት ሐሜት አያስፈልገንም፤ መዝገቡ አለ። በሴናተር ቶም ሃርኪን የሚመራው የሴኔት ኮሚቴ በ2012 ባወጣው ሪፖርት የመረመራቸው 30 ኩባንያዎች በ2010 ዓመት 35,202 ተማሪ መልማዮች ሲኖሯቸው፣ ተመራቂዎችን ሥራ ለማስያዝ የመደቧቸው ሠራተኞች ግን 3,512 ብቻ ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ አሥር ሰው ለማስገባት፣ አንድ ሰው ለማብቃት ማለት ነው! ይኸው ሪፖርት በአይ.ቲ.ቲ. ውስጥ «ፔይን ፈነል» የሚል ስም የተሰጠው የጥያቄ ቅደም ተከተል ለመልማዮች ማሠልጠኛ ይውል እንደነበር ይፋ አድርጓል። ከሰፊ ጥያቄ ተነስቶ እየጠበበ የሰውየውን ቁስል እስኪነካ ድረስ የሚወርድ ነው፤ ሰውየው ሕመሙ ሲሰማው እስክሪብቶው ይቀርብለታል። ይህ ምክር ሳይሆን አደን ነው።

በእኔ ሙያ አንድ ምሰሶ የሚሸከመው ክብደት በቁጥር ሲገለጽ ቁጥሩ የተገኘበት ሁኔታ አብሮ ይጻፋል። ሁኔታው ከተደበቀ ቁጥሩ ሰው ይገድላል። የኮሌጆቹ ማስታወቂያ ግን በተቃራኒው የተሠራ ነበር። ዴቭራይ ሥራ ከፈለጉ ተመራቂዎቹ 90 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ በሙያቸው ሥራ እንዳገኙ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰሰውና በ2016 በ100 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩ ተዘጋ። የኮሪንቲያን አካል የነበረው ሂልድ ኮሌጅ ደግሞ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2015 ባደረገው ምርመራ 947 የተዛቡ የሥራ ማስያዝ አኃዞች ተገኝተውበታል። ከነዚህ መካከል የሒሳብ አያያዝ ያጠና ተመራቂ፣ ከመመረቁ ከዓመታት በፊት በያዘው የታኮ ቤል ሥራ «በሙያው ተቀጠረ» ተብሎ የተቆጠረበት ይገኛል።

ለመሆኑ ሕግ አልነበረም? ነበር። በ1992 ኮንግረስ መልማዮች ባስመዘገቡት ሰው ቁጥር ኮሚሽን እንዳይከፈላቸው ከልክሏል። ነገር ግን በ2002 የወጣ ደንብ አሥራ ሁለት መሸሻ ቀዳዳ ከፈተ። ቀዳዳዎቹ የተደፈኑት በ2011 ነው። በዚያው ዓመት የወጣ መመሪያ ደግሞ ምልመላን ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር አጣምሮ የሚሸጥ የውጭ ኩባንያ ከተማሪው ክፍያ ድርሻ እንዲወስድ ፈቀደ። ስለዚህ ዛሬ በታወቀ ዩኒቨርሲቲ ስም ስለ ኦንላይን ትምህርት የሚደውልልዎት ሰው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ላይሆን ይችላል። በአንድ እጅ የዘጉትን በር በሌላው መክፈት ይሏል ይህ ነው።

እኛ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድም ብዙ አልረዳንም። አገራችን ውስጥ የግል ኮሌጆች እንደ አሸን በፈሉበት ጊዜ «እውቅና አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅን ተምረናል። መልካም ጥያቄ ነው፤ እዚህ ግን አይበቃም። አይ.ቲ.ቲ. እስከ መጨረሻው እውቅና ነበረው። እውቅና የሰጠው አካል፣ ኤ.ሲ.አይ.ሲ.ኤስ.፣ ራሱ በ2016 እውቅናውን ተነጠቀ፤ ከብዙ ክርክርና መመላለስ በኋላም በ2022 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰረዘ። አይ.ቲ.ቲ. በመስከረም 2016 በሩን ሲዘጋ ተማሪዎቹ የያዙትን ክሬዲት የሚቀበላቸው ኮሌጅ ፍለጋ ተንከራተቱ። በ2022 መንግሥት የ560,000 የኮሪንቲያን ተማሪዎችን 5.8 ቢሊዮን ዶላር፣ የ208,000 የአይ.ቲ.ቲ. ተማሪዎችን ደግሞ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰርዟል። ገንዘቡ ተሰረዘ፤ ያለፈውን ዕድሜ ግን ማን ይመልሳል?

ጥፋቱን ሁሉ ለትርፍ በተቋቋሙት ላይ ብቻ ጥሎ መሄድ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የኮንግረስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ጂ.ኤ.ኦ.) በ2022 ባቀረበው ጥናት 91 በመቶ የሚሆኑ ኮሌጆች ለተማሪ በሚልኩት የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ላይ ተማሪው በትክክል የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ አይገልጹም ወይም አሳንሰው ያሳያሉ ብሏል። የመንግሥትም፣ የግልም፣ ስመ ጥሩም አሉበት። አንድ የማውቃቸው ታክሲ ነጂ አባት «ልጄ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች» ብለው ደብዳቤውን አሳዩኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት» ይላል። ከድምሩ ውስጥ ትልቁ መስመር ግን ፓረንት ፕላስ ነበር። ፓረንት ፕላስ ሽልማት አይደለም፤ ወላጅ በራሱ ስም የሚፈርመው የፌዴራል ብድር ነው፤ ልጅ ብትመረቅም ባትመረቅም ዕዳው የአባት ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በዓመት 20,000፣ በአንድ ልጅ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ አበጅቶለታል። ጣሪያው ዕዳውን ይቀንስ ይሆናል፤ ደብዳቤው ብድርን ከስጦታ ጋር ደምሮ መጻፉን ግን አያስቀርም። በዚያ ደብዳቤ ላይ አንድም የሐሰት ቃል አልነበረም። ሕጉ ምናልባት አይነካው ይሆናል፤ ሕሊና ግን ይነካዋል።

«ፈራሚው ዐዋቂ ሰው ነው፤ አንብቦ ይፈርም» የሚሉ አሉ። ለነዚህ ወገኖች አንድ ነገር ላስታውስ። በዚህ አገር አንድ ሻጭ ቤትዎ ድረስ መጥቶ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ቢሸጥልዎ፣ በፌዴራል ደንብ መሠረት በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ውሉን የመሰረዝ መብት አለዎት፤ የመብትዎን ማስታወቂያም ሻጩ ባናገረዎት ቋንቋ ጽፎ ሊሰጥዎ ይገደዳል። ደንቡ ቤት ለቤት የሚሸጥ ትምህርትንም ይጨምራል። ኮሌጁ ግን ቢሮው ጠርቶ ወይም በስልክና በኢንተርኔት ስለሚያስፈርም ደንቡ አይደርስበትም። ለአቧራ መጥረጊያ የታሰበልንን ያህል ለዲግሪ ለምን አይታሰብልንም? ወደ ማኅበረሰባችን በአማርኛ እየቀረበ የሚመለምል ኮሌጅ ቢያንስ ዋጋውንና ብድሩን በአማርኛ ጽፎ ሊሰጥ ይገባል እላለሁ።

ያ እስኪሆን ድረስ ወላጆችና ወጣቶች ከመፈረማቸው በፊት አምስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። አንደኛ፣ ከዚህ ድምር ውስጥ የማይመለሰው ስጦታ ስንት ነው፣ ብድሩስ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ብድሩ በማን ስም ነው? ሦስተኛ፣ ከሚገቡት ስንቱ ይጨርሳሉ? አራተኛ፣ ክሬዲቱን ዩ.ኤን.ኤል.ቪ. ወይም የደቡብ ኔቫዳ ኮሌጅ ይቀበለዋል? (ይህንን መልማዩን ሳይሆን ተቀባዩን ኮሌጅ ይጠይቁ።) አምስተኛ፣ የሚያናግረኝ ሰው ደሞዝ የሚከፍለው ማነው? የተመራቂ ገቢና ዕዳ በመንግሥቱ የኮሌጅ ስኮርካርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። «ዛሬ ካልፈረሙ ቦታው ያመልጥዎታል» የሚል ካጋጠመዎት ደግሞ አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለታቸውን ያስቡ።

በመጨረሻም ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለማኅበራት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በየዓመቱ ደብዳቤው በሚመጣበት ወራት ሁለት ቅዳሜ መድበው፣ ቋንቋውንና ሒሳቡን የሚያውቁ ልጆቻችንን ከወላጆች ጋር ቢያስቀምጡ ትልቅ ወጪ የለውም። ለዲግሪ ያለን ክብር የሚያኮራ ነው። ክብራችን ግን የሌላ ሰው ኮሚሽን መሆን የለበትም።

ቸር ይግጠመን።

ከዊትኒ፣ ላስ ቬጋስ