የሥራ አስኪያጅ ደመወዝ የሙያ ዋጋ ነውን?

ለታላላቅ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስኪያጆች ስለሚከፈለው ገንዘብ ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም ሙያ ውድ ነው፣ ባለሙያው ካልተከፈለው ጥሎ ይሄዳል የሚል ነው። ይህ አሳብ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ያልፋል። እኛ ጎደሎ ሆኖ ስላገኘነው በአንድ የሀገራችን ታሪክ ልንፈትነው ወደድን።

ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያቋቋሙት የመድፍ መሥሪያ በሀገራችን ከታዩት ቀደምት የፋብሪካ ሥራዎች አንዱ ነው። እነ ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በጎባት አማካይነት የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ እንጂ ብረት አቅልጦ መድፍ ማውጣትን ተምረው የመጡ አልነበሩም። ሙያውን ያገኙት እዚያው፣ እየከሸፈባቸው ነው። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ፣ በቅሎና የክብር ልብስ ሸለሟቸው። ጥሎ ይሄዳል የሚለውም ምክንያት እዚህ አይሠራም። እነዚህ ሰዎች በመጨረሻ እንደ ግዞተኛ ነበሩና ከሀገር የወጡት መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ነው። መሄድ ለማይችል ሰው እንዲህ መስጠት ምን ይባላል? በእኛ አስተያየት ሽልማቱን የወሰነው የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ሰጪው አንድ፣ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀውም የሌለ መሆኑ ነው። ሴባስቶፖልን በገመድ እየጎተቱ በበሺሎ ገደል አሳልፈው መቅደላ ያወጡት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ምን እንደተከፈላቸው የሚነግረን መዝገብ አላገኘንም። (የመድፉ አምሳያ ዛሬ በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሟል፤ የጎታቾቹ ግን የለም።)

ኩባንያ ንጉሥ አይደለም፣ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ አለው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ጉባኤ ባለበት በአሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1965 የታላላቅ ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጅ የሚያገኘው የሠራተኛውን ሃያ እጥፍ ያህል ሲሆን በ2022 ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ደርሷል። ሙያው በዚያው ልክ አድጓል ለማለት የሚደፍር ይኖራልን? የዚያች ሀገር ሕግ አውጪዎች በ2010 ኩባንያዎች ይህን ንጽጽር ለሕዝብ እንዲገልጹ ያስገደዱት በከንቱ አይደለም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የ1952ቱ የንግድ ሕግ የዳይሬክተሮችን የትርፍ ድርሻ ከተጣራው ትርፍ ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 847 ሀገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ደግሞ የከፍተኛ አመራሩ ክፍያ በዓመታዊው ሪፖርት እንዲጻፍ ያዛል፤ ግን በጥቅል ነው። አምስት ሰው ይሁን አሥራ አምስት፣ ዋናው ስንት ወስዶ ምክትሉ ስንት እንደቀረው ከድምሩ አይለይም። አንድ አክሲዮን ያለው ጡረተኛ ከጉባኤው ወንበር ላይ ሆኖ ይህን ቢጠይቅ ከየትኛው ገጽ ያነብባል? የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝን ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ስለ ጣሪያው ዝም ብሏል። እኛም ጣሪያ ይሠራ አንልም። የምንለው፣ በሪፖርቱ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ጎን በዚያው በር የሚቆመው ዘበኛ ደመወዝ ይታተም ነው።