ገጣጠማችሁት፤ ሲሠራስ አያችሁት?

ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በዓይናችሁ ማየት አምሯችሁ ያውቃል? ስፔንሰር ኦወን የነደፈው አርሲ2014 ጥሩ መነሻ ነው። ልቡ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ባለ 40 እግሩ ዜድ80 ፕሮሰሰር ነው። ፕሮሰሰሩም፣ ሚሞሪውም፣ የሥራውን ምት የሚሰጠው ክሎክም በየራሳቸው ካርድ ላይ ሆነው አንድ ማገናኛ ቦርድ ላይ ይሰካሉ። የቱ ክፍል የት እንዳለ በጣት ማሳየት ይቻላል። ድንቅ ነው!

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ክሎኩ በሰከንድ 7,372,800 ጊዜ ይመታል። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልተመረጠም፤ ለ64 ስታካፍሉት 115,200 ይመጣል፤ ይህም ቦርዱ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲነጋገር በሰከንድ የሚልከው የቢት ብዛት ነው። ለንግግሩ ይመቻል፤ ለዓይን ግን አይሆንም። በይዳችሁ ስትጨርሱ ቤዚክ ይነሳል፣ ደስ ይላችኋል። መሃል ላይ የሆነውን ግን አላያችሁም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሲሞስ የሚባለው የዜድ80 ዓይነት ክሎኩ ቢቆምም የያዘውን አይረሳም። እስቲ አስቡት፦ ቁልፉን አንዴ ስትጫኑ አንድ ምት ብቻ ቢሰጥ፣ በ16ቱ የአድራሻ መስመሮች ላይ ደግሞ ትናንሽ መብራቶች ቢኖሩ፣ ፕሮሰሰሩ በሚሞሪው ውስጥ ከቦታ ቦታ ሲሄድ እግር በእግር ትከተሉት ነበር።

ለጀማሪ የሚሆን ቦርድ ለመበየድ መቅለሉ ብቻ አይበቃውም፤ ቆም ብሎ ሥራውን ማሳየትም አለበት።