የሠዓሊው ማመንታት፦ በሕፃናት መጻሕፍት ሠዓልያን የመድረክ ንግግር ላይ

የሕፃናት መጻሕፍት ሠዓሊ በሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሲቀርብ ኀያሲው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አዳራሽ ነው። የልብ ወለድ ደራሲውን ማስታወሻ እየያዘ ያደምጣል፤ የሠዓሊውን ንግግር ለወላጆችና ለልጆች ይተወዋል። በኤዲንብራ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በዌልስ ሄይ ኦን ዋይ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ በሚካሄዱት ፌስቲቫሎች የሕፃናት መርሐ ግብር ሰፊ ቦታ አለው። ስለ እሱ የሚጻፈው ግን ምስጋና ብቻ ነው፤ ልጆቹ ሳቁ፣ ሠዓሊው በአንድ ደቂቃ ሠርቶ ጨረሰ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ዝምታውም ምስጋናውም ከአንድ ስሕተት ይመነጫሉ። በዚያ መድረክ ላይ ስለ ሥዕል የሚነገር ቁም ነገር እንዳለ ሁለቱም አላመኑም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ፍጥነት ነው። ሠዓሊው አክሰል ሼፍለር ‹‹ግሩፋሎ›› የተባለውን የሕፃናት መጽሐፍ አውሬ በሰው ፊት ሲሥል እጁ አይሰናከልም፤ ለምን ይሰናከላል? መጽሐፉ ከወጣ ከ1999 ጀምሮ አብሮት የኖረ ፍጡር ነው። ታዳሚው የሚያጨበጭበው ለፈጠራ ሳይሆን ለትዝታ ነው። ፈጠራው ያለው ሼፍለር ስለ መጀመሪያዎቹ ንድፎች ሲናገር ነው። አውሬው በመጀመሪያ ለትንንሽ ልጆች እጅግ አስፈሪ ሆኖ ተገኝቶ መለዘብ ነበረበት፤ ሌሎቹን እንስሳት ደግሞ ሠዓሊው ልብስ ለብሰው ነበር ያሰባቸው። ቀበሮ ኮት ቢለብስ ኖሮ ጫካው ሌላ ጫካ፣ ፍርሃቱም ሌላ ፍርሃት ይሆን ነበር። እነዚህን ውሳኔዎች ዘርዝሮ የሚያሳይ ንግግር ሂስ ነው። አውሬውን ብቻ ሥሎ የሚወርድ ግን በትልቅ ወረቀት ላይ ፊርማ ከማኖር የዘለለ ነገር አልሠራም።

የዚህን ልዩነት ምንነት ከክዌንቲን ብሌክ የበለጠ ያብራራልኝ ሠዓሊ የለም። ብሌክ ስለ አሠራሩ ሲናገርም ሲጽፍም የሚመለስበት አንድ ዕቃ አለው፤ ከውስጡ የሚበራ፣ ላዩ መስታወት የሆነ ጠፍጣፋ ሳጥን። ረቂቁን መስታወቱ ላይ ያነጥፋል፤ በላዩ ወፈር ያለ የውሃ ቀለም ወረቀት ይደርባል። መብራቱ ሲበራ የሥረኛው ንድፍ በላይኛው ወረቀት አልፎ ይታያል። ይህን የሰማ ሰው ‹‹እንግዲያው ይገለብጣል ማለት ነው›› ብሎ መደምደሙ አይቀርም። አይገለብጥም። ብሌክ ንድፉ ጥርት ብሎ እንዳይታየው ይፈልጋል። ጥርት ብሎ ከታየው እጁ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ተከትሎ የተሠመረ መስመር ደግሞ ነፍስ አይኖረውም። ደብዘዝ ሲልበት ግን የሚሥለው ሰው ጭንቅላት የት እንደሚያርፍ፣ ክንዱ ወዴት እንደሚዘረጋ ያውቃል፤ መስመሩን ራሱን እንደ አዲስ መወሰን አለበት። ብዕሩ ቀለም እየተነከረ ወረቀቱን እየጫረ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚያስቸግረው ቦታ ነው፤ ለምሳሌ ከፊት ገጽታው። ከተበላሸ ወረቀቱን አንሥቶ ሌላ ይደርባል፤ ረቂቁ ከሥር እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የብሌክ መስመር ‹‹በድንገት የመጣ›› ነው የሚለው አባባል በሰፊው የተለመደ ነው። የብርሃን ሳጥኑ የሚነግረን ግን ተቃራኒውን ነው። ድንገተኛነቱ በብልሃት የተዘጋጀ ነው፤ ሠዓሊው የሚያውቀውን ነገር ከራሱ በከፊል ይሰውራል፤ ሲሥል እንዲያመነታ፣ አመንትቶም እንዲወስን። በታተመው ገጽ ላይ ይህ አይታይም። የሚታየው ሠዓሊው በሰው ፊት ቆሞ ሥራውን ሲያሳይና ሲያስረዳ ነው፤ ለዚህም ነው የመድረኩ ንግግር የመጽሐፉ ማስታወቂያ ሳይሆን የመጽሐፉ ቀሪ ክፍል ነው የምለው።

ብሌክ የሚያወራው የሰንደል ጫማ ታሪክም እንዲሁ በታተመው ገጽ ላይ የማይታይ ውሳኔን ይገልጣል። በ1982 ለታተመው የሮአልድ ዳል ‹‹ዘ ቢ ኤፍ ጂ›› መጽሐፍ ግዙፉ ሰውዬ በመጀመሪያ ቦት ጫማ ተደርጎለት ነበር፤ ሲሣል ግን አላማረበትም። ዳል ምን ዓይነት ጫማ እንደሚሻለው ለማሳየት ከራሱ ሰንደሎች አንዱን ጠቅልሎ ለሠዓሊው በፖስታ ላከለት። ሰዎች ይህን ሰምተው ይስቃሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ደራሲው ለሥዕሉ መገዛቱ ነው፤ ቃሉ ወረቀት ላይ ተሠርቶ ሲታይ እንዳልሠራ አምኖ ለወጠው። የሕፃናት መጻሕፍትን ሥዕል ‹‹የጽሑፍ ማድመቂያ›› ብሎ ለሚያቃልል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

በፍጥነት ላይ ያቀረብኩት ክስ ክሪስ ሪዴልን አይነካም። ሪዴል በብሪታንያ የሕፃናት ሎሬት ከሆነበት ከ2015 እስከ 2017 ባለው ጊዜም ሆነ ከዚያ ውጭ በሰው ፊት ሳይታክት የሚሥል ሰው ነው። በኦብዘርቨር ጋዜጣ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊነትም ሠርቷል፤ ፍጥነቱ የተቀረጸው በጋዜጣ ሰዓት እንጂ በመድረክ አይደለም። የማይዋጥልኝ የአዘጋጆች ልማድ ነው። ደራሲው ሲያነብ ሠዓሊውን ከጎኑ አስቀምጠው አብሮ እንዲሥል ያደርጉታል፤ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁት ያሰናብቱታል። ይህ ውርደት ነው፤ ሠዓሊው ፈገግ ብሎ መቀበሉ ውርደትነቱን አይቀንሰውም።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው የሠዓሊውን የአንቶኒ ብራውንን የቅርጽ ጨዋታ ነው። ከወንድሙ ጋር በልጅነቱ የተጫወተው ነው፤ ከ2009 እስከ 2011 እሱም የሕፃናት ሎሬት በነበረ ጊዜ በሰፊው አስተዋውቆታል። አንዱ ትርጉም የሌለው ቅርጽ ያሠምራል፤ ሌላው በዚያ ላይ ጨምሮ አንድ ነገር ያደርገዋል። ቅርጹ ከሌላ ሰው የመጣ ስለሆነ የተጠና ገጸ ባሕርይ አይረዳም፤ ትዝታም አያድንም። ሠዓሊው ወረቀቱን ያዞረዋል፣ ያየዋል፣ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልጁ የሚማረው አዋቂም ሲጀምር ምን እንደሚሥል እንደማያውቅ ነው። ‹‹ጎሪላ›› በተባለው የ1983 መጽሐፉ አባትየው በቁርስ ሰዓት ጋዜጣ ጋርዶ የተቀመጠበትን ቀዝቃዛ ወጥ ቤት ያየ ሰው፣ ብራውን እንዲህ ያለ ዝምታን በገጽ ላይም እንደሚያውቅበት ይረዳል።

አንድ ጉድለት ግን በምርጦቹ ንግግሮችም ይገኛል፤ ምስሉ ለብቻው በስክሪን ይታያል፣ ቅደም ተከተሉ ይጠፋል። ባለሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ይህም ከወረቀት አስተጣጠፍ የመጣ ልክ ነው። የሠዓሊው ትልቁ ውሳኔ ገጹ ከመገለጡ በፊት ምን እንደሚደበቅ ነው። የንግሥት ሳባን ታሪክ በረድፍ በተደረደሩ ምስሎች ሲያይ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንድ ምስል ከረድፉ ሲወጣ ምን እንደሚያጣ ሳይነገረው ይገባዋል።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ቦታ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ለምታዘጋጁ ሁሉ የምለምነው ይህን ነው። ሠዓሊ ስትጋብዙ ካሜራ ከጠረጴዛው በላይ አቁሙ፤ ከአንድ ሥዕል ይልቅ ሦስት ተከታታይ ገጾችን እንዲያሳይ ጠይቁት፤ የጣላቸውን ረቂቆችም ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። ኀያስያንንም ጥሩ፤ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከልጆቹ ጎን አስቀምጧቸው።