መፍታት የማይችል «መፍቻ»
ስለ አንድ የሞተር ብስክሌት ጥገና ረቂቅ ትርጉም የቀረበ ሂስ

የቆዩ ሞተር ብስክሌቶች የፊት ሹካ ስለሚታደስበት ዘዴና ለሥራው ስለሚያስፈልጉት ልዩ መሣሪያዎች አሠራር የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶናል። ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋዎች ያውቃል፤ ዐረፍተ ነገሩም የተስተካከለ ነው። ችግሩ ስያሜው ላይ ነው፤ በዚህ ሙያ ደግሞ የስያሜ ስሕተት ጣት ወይም ዐይን ሊያስከፍል ይችላል።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እንግለጽ። ተርጓሚው «ሞላ»ን፣ «ዳዶ»ን፣ «ሞርሳ»ንና «ቶርኖ»ን እንዳሉ መቀበሉ ተገቢ ነው። ከጣሊያንኛ መምጣታቸው አይካድም፤ ሆኖም ዛሬ የባለሙያው የራሱ ቃላት ናቸው። ከግእዝ የተቀረጸ ምትክ ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው የሚያተርፈው ፈገግታ ብቻ ነው።

ዋናው ነቀፌታችን «መፍቻ» በሚለው ቃል አጠቃቀም ላይ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች በብዙዎቹ፣ በሹካው እግር ውስጥ ንዝረት የሚያበርድ ዘንግ አለ፤ ዘንጉንም ከታች የሚገባ ብሎን ይይዘዋል። ብሎኑ ሲፈታ ዘንጉ አብሮ ሊሽከረከር ይችላል። ስለዚህ ከላይ ረጅም መሣሪያ ይገባና የዘንጉን አናት ይዞ እንዳይዞር ያግደዋል። ባለሙያዎች ይህን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ለአናቱ የሚስማማ ራስ ያለው ብሎን ከረጅም ብረት ጫፍ ላይ ይበይዳሉ፣ ወይም ጥርስ ባለው ብረት ጫፍ 2 ዳዶዎችን እርስ በርስ ያጠብቃሉ። የመሣሪያው ተግባር ማገድ እንጂ መፍታት አይደለም። ረቂቁ ግን «የዘንግ መፍቻ» ብሎ ሰይሞት፣ «መፍቻውን አስገብተህ ፍታ» ይላል። አንባቢው የታዘዘውን ቢፈጽም ዘንጉና ብሎኑ አብረው ሲዞሩ ይውላሉ።

በአማርኛ ከግሥ የሚወጣ የመሣሪያ ስም ተግባሩን ይናገራል፤ «መቁረጫ» ከ«ቆረጠ»፣ «መፍቻ» ከ«ፈታ» ነው። በጋራዥ «መፍቻ» ለማጥበቅም ማገልገሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የትርጉሙ መስፋት ከሚዞር ነገር አያልፍም። «መያዣ» እንዳንል፣ እጀታም፣ ዕቃ መክተቻም፣ የብድር ዋስትናም ነው። እኛ «የዘንግ ማገጃ» እንላለን።

ተመሳሳይ ጉድለት በሌላ ቦታም ይታያል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት የቢ.ኤስ.ኤ. ሞተር ብስክሌቶች በብዙዎቹ የሹካው ቱቦ አናት ሾጠጥ ያለ ነው፤ በልኩ ወደ ተቀረጸው የላይኛው ማሰሪያ ቀዳዳ ተጎትቶ መግባት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ በቱቦው ጥርስ ላይ ይጠመድና ዳዶው ሲዞር ቱቦውን ወደ ላይ ያመጣዋል። ረቂቁ «መሳቢያ» ይለዋል። ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ ግን የአማርኛ አንባቢ «መሳቢያ» ሲባል የሚታየው የጠረጴዛው ነው፤ «መሳቢያውን ከላይ አስገባ» የሚለውን ሲያነብ ምን እንደሚያደርግ እንጃ። «መጎተቻ» ይበቃ ነበር።

ከሁሉ የከፋው «ቅድመ ጭነት» ነው። ይህ ቃል የገባው ሞላው ክዳኑ ሲዘጋ ታምቆ ስለሚቀመጥበት ሁኔታ ነው። «ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ቅድመ ጭነቱን ቀንስ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያነበበ ሰው ከኮርቻው ላይ ዕቃ ያወርዳል እንጂ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ሹካው እስከ መጨረሻው እንዲዘረጋ አያደርግም። ያን ጊዜ ክዳኑ የመጨረሻውን ጥርስ ሲለቅ ወደ ፊቱ ይስፈነጠራል። «የሞላ እመቃ» ቢባል አደጋውን ቃሉ ራሱ ይናገር ነበር።

ስለ ልኬትም አንድ ነገር እንጨምር። ተርጓሚው አንባቢን ለመርዳት የኢንች ቁጥሮችን በሙሉ ወደ ሚሊሜትር ለውጧል፤ 3/8 የተባለውን የዊትዎርዝ መፍቻም 9.5 ሚሊሜትር አድርጎታል። በዊትዎርዝ ሥርዐት ግን በመፍቻው ላይ የተጻፈው ቁጥር የብሎኑን ግንድ ውፍረት እንጂ የመፍቻውን አፍ ስፋት አይገልጽም፤ የተባለው መፍቻ አፉ 18 ሚሊሜትር ያህል ነው። የዊትዎርዝ ቁጥሮች እንዳሉ ቀርተው የአፍ ስፋቱ በሌላ ዓምድ እንዲገባ በማሳሰብ ሠንጠረዡን ለተርጓሚው መልሰናል።