የትምህርት ምርምራችን ታሪክ እንዴት ይጻፍ?

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለተካሄደው የሥርዓተ ትምህርት ምርምር የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምሥረታ ታሪክ ነው። ተቋሙን ማን አቋቋመው፣ ስሙ መቼ ተለወጠ፣ ማን መራው የሚለው ይዘረዘራል። ምርምሩ ለክፍል መምህሩ ምን አደረሰለት የሚለው ጥያቄ ግን ይታለፋል። በእኛ አስተያየት ታሪኩ መጀመር የሚገባው ከዚሁ ነው።

የትምህርት ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1967 «የኢትዮጵያ የትምህርት መጽሔት»ን ማሳተም ሲጀምር፣ ቋንቋው በአመዛኙ እንግሊዝኛ ነበር። በአማርኛ ያስተምር የነበረው የአንደኛ ደረጃ መምህር ስለ ራሱ ሥራ የሚጻፈውን እንዳያነብ ገና ከጅምሩ ተከለለ ማለት ነው።

የዚህ ልማድ ዋጋ የታየው በትምህርት ሴክተር ሪቪው ነው። በ1971 እና በ1972 የዩኒቨርሲቲና የሚኒስቴር ምሁራን ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ አጠኑት። ሰነዱን ዛሬ ስናነበው የተወራበትን ያህል ክፉ ሆኖ አናገኘውም፤ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት በ2000 ለሁሉም እንዲዳረስ ማሰቡ ለገጠሩ ሕፃን የተቆረቆረ ነበር። ነገር ግን የመምህራን ማኅበር አልተካፈለበትም፤ ሪፖርቱም እስከ 1974 መጀመሪያ ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። ወላጅ ልጁ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳያልፍ የታቀደበት መሰለው፤ መምህሩ ለደመወዙ ሠጋ። በየካቲት መምህራኑ ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት ዕቅዱን አገደ። ምሁራኑ ግን (ይህን ስንል አናቃልላቸውም) የገዛ ባልደረቦቻቸውን ሳይጠይቁ ነበር ያጠኑት።

በደርግ ዘመን፣ ከ1983 እስከ 1986፣ አጠቃላይ ትምህርቱን የገመገመው ጥናት የጥራቱን መውደቅ በግልጽ አሳየ። የሥርዓቱ መሠረታዊ ለውጥ ግን እስከ 1994ቱ ፖሊሲ ድረስ ቆየ፤ ያም የመጣው በሌላ መንግሥት ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር ቅዳሜና እሑድ የሚደክሙ ወላጆች፣ ከአገር ቤት በመጣ የቆየ መማሪያ መጽሐፍ ሲጠቀሙ፣ ትምህርቱ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደተዘጋጀ የሚነግራቸው ጽሑፍ የላቸውም። ሴክተር ሪቪውን የደገፈው ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሁለቱም ከተሞች በባቡር ይደረስበታል። ስለዚህ ማኅበራችን በዚያ ጥናት የተካፈሉትን አረጋውያን ቃል መመዝገብ ይኖርበታል፤ በቅድሚያም የመምህራኑ ማኅበር እንዲቀር የወሰነው ማን እንደነበረ፣ ሪፖርቱስ ያን ያህል ጊዜ የተያዘው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ይጠይቃቸው።