የተወዛዋዡ ነጻነትና የትምህርት ቤት መድረክ

ስለ ዘመናዊ ዳንስ የሚጽፉ አያሌ ሐያስያን የተወዛዋዡን ነጻነት ከጃፓን የዜን አስተሳሰብ ጋር ማያያዝ ይወዳሉ። ዘወትር የሚጠቅሱትም አሜሪካውያኑን የዳንስ አቀናባሪ መርስ ካኒንግሃምንና የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅን ነው። ኬጅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የዜን ሊቁን የዲ.ቲ. ሱዙኪን ትምህርት በኒው ዮርክ ተከታትሏል፤ ካኒንግሃምም የእንቅስቃሴዎቹን ቅደም ተከተል ሳንቲም እየወረወረ በዕጣ ይወስን ነበር።

ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን ዕጣው ከልማዱ ያላቀቀው አቀናባሪውን እንጂ ተወዛዋዡን አይደለም። ዕጣው ከወጣ በኋላ ተወዛዋዡ የታዘዘውን ሳያዛንፍ መፈጸም ነበረበት። ካኒንግሃም በ1963 እ.ኤ.አ. «ስቶሪ» በተሰኘው ሥራው ለተወዛዋዦቹ ምርጫ ቢሰጥም፣ ዘዴው መደበኛ መንገዱ ሆኖ አልቀጠለም።

ዜን ካሳደረባቸው የጃፓን ጥበባት የሚገኘው ትምህርት ሌላ ነው፤ ይኸውም ሥርዓቱን ከሰውነት እስኪዋሐድ ድረስ መደጋገም፣ ከዚያም ሳያስቡ መሥራት ነው። ይህን ለመረዳት የጎጃም መምህር ጃፓን ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው አይመስልም። በዲማና በዋሸራ የቅኔ ጉባኤ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ልኩ አይጓደልም፤ ሆኖም የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የደገመ አይመሰገንም።

ጭፈራውም እንዲሁ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአምበርና በአካባቢዋ፣ በሠርግ ቤት ከበሮው ምቱን ይይዛል፤ አውራጁ ያወጣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፤ በመካከል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ምቱ የጋራ ነው፤ ትከሻው ግን የግል ነው። መቼ እንደሚሰብቅ፣ መቼ አንገቱን እንደሚመልስ፣ መቼ ቀጥ ብሎ ባልንጀራውን እንደሚጠብቅ የሚወስነው ጨፋሪው ራሱ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ያ መጠበቅ ነው።

ይኸው ጭፈራ ወደ ትምህርት ቤት መድረክ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሰልፍ ይሆናል። ተማሪዎች በረድፍ ቆመው በተቀዳ ዘፈን እኩል ይሰብቃሉ፤ እኩል ይዞራሉ። አሠራሩ ከቴአትር ቤቶች የተወረሰ ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ ተመልካች ውበት አለው፤ ይህ አይካድም። ጉዳቱ የሚታየው በክወና ጥበባት ትምህርት ነጥብ አሰጣጥ ላይ ነው። መለኪያው እኩልነት ብቻ ሲሆን፣ በሰፈሩ የተደነቀው ልጅ ከረድፉ በመውጣቱ ነጥብ ያጣል። መላኩ በላይ እስክስታን ይዞ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጌታቸው መኩሪያና ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ቡድን ጋር በባሕር ማዶ መድረኮች የታወቀው በረድፍ ቆሞ አልነበረም።

በረድፍ ፈንታ ክብ፣ በተቀዳ ዘፈን ፈንታ ከበሮ ማድረግ ይቻላል። ምዘናውም በሁለት ጥያቄዎች ሊወሰን ይችላል፤ ተማሪው ምቱን ጠብቋል ወይ? ባልንጀራው ላደረገው መልስ ሰጥቷል ወይ? ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ጊዜ እንደሚወስድ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሲገጥሙ የቀሩት ተቀባዮች ናቸው፤ በሠርግ ቤትም ቢሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ መካከል አይገባም።