የወፍጮ ሞተር ጥቅለላና የብረቱ ሙቀት

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ መብራት በገባባቸው ወፍጮ ቤቶች ጤፉንና ገብሱን የሚፈጨውን ድንጋይ የሚያዞረው በተለምዶ «ዲናሞ» የሚባለው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። ሮተር ወደሚባለው ተሽከርካሪ ክፍሉ ከቆጣሪው የሚመጣ አንድም ሽቦ አይገባም፤ ስታተር የሚባለው ቋሚ ክፍል የሚፈጥረው ማግኔታዊ መስክ ሲዞር፣ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳየው መሠረት፣ በሮተሩ የአሉሚኒየም ዘንጎች ውስጥ ኮረንት ይመነጫል፤ ጉልበቱም ከዚያ ይገኛል። ባለ አራት ዋልታ በሆነ ሞተር መስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር ሮተሩ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይዞራል፤ እኩል ቢዞሩ ኖሮ ለሮተሩ የሚለዋወጥ መስክ ስለማይኖር ኮረንቱም ጉልበቱም በጠፉ ነበር።

ይኸው ተለዋዋጭ መስክ ግን በስታተሩ ብረት ውስጥም እንደ ወንዝ አዙሪት የሚሽከረከር፣ ኤዲ ከረንት የሚባል፣ ብረቱን ከማጋል በቀር ሥራ የሌለው ኮረንት ይፈጥራል። የስታተሩ እምብርት ከአንድ ወጥ ብረት የማይሠራው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካላቸውና በስስ ልባስ ከተለያዩ ላሜራዎች የሚደራረበውም ለዚህ ነው፤ የላሜራው ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ይህ ብክነት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሞተሩ ሲቃጠል ሽቦውን በአዲስ የሚጠቀልለው ሰው ሙያ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ሽቦ ለማላቀቅ ስታተሩን እሳት ውስጥ መጣል ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከ370 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካለፈ ልባሱ ሊበላሽና ላሜራዎቹ ሊነካኩ ይችላሉ። ያን ጊዜ አዲሱ ሽቦ በዙሩም በውፍረቱም ልክ ቢሆን እንኳ ሞተሩ ያለ ጭነትም ይግላል፤ ባለ ወፍጮው ሽቦውን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የብረቱ ነው። በደጋ ላይ ይህ ይብሳል፤ ሞተሮች በአብዛኛው የሚመዘኑት እስከ 1000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን፣ ከ2500 ሜትር በላይ በምትገኘው መካነ ሰላም ብርዱ በከፊል ቢያካክስም ስሱ አየር ሙቀቱን የመውሰድ አቅሙ ያንሳል።

ስለዚህ ከጥቅለላው በፊት በባዶው እምብርት ላይ ኬብል ጥቂት ዙር ጠቅልሎ የተመጠነ ተለዋዋጭ ኮረንት መስጠት፣ ከደቂቃዎች በኋላም ኮረንቱን አጥፍቶ የብረቱን ውስጠኛ ገጽ በጥንቃቄ መዳሰስ ያስፈልጋል። ከሌላው የበለጠ የሚግል ነጥብ ከተገኘ ላሜራዎቹ እዚያ ተነካክተዋል፤ ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ በስስ ምላጭ ተለያይተው ቫርኒሽ ይቀባሉ። ሰፊ ክፍል ከጋለ ግን ያ ስታተር መጠቅለል የለበትም፤ ለባለ ወፍጮውም ሽቦ ከመገዛቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።